ስምንት መቶ በስድሳ ሁለት

ማክሰኞ ጠዋት ኤልዳና የቺፕ ልክ መስጫ ቤቷን ልትከፍት ስትደርስ ሰልፈኛው ቀድሟት በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሰልፍ ብርቋ አይደለም። ጠባሴ ሰፈር ውስጥ ሰው ከዳቦ ቤት ቀጥሎ የሚሰለፈው እሷ ዘንድ ነው። ብርቅ የሆነባት ዝምታው ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ገና ቁልፉን ሳታዞር ጭቅጭቁ ይጀመራል፤ አንዱ እኔ ነኝ የቀደምኩት ይላል፣ አንዷ ፈተና አለብኝና ትንሽ ጨምሪልኝ ትላለች፣ ሌላው የአለቃውን ስም እየጠራ ያስፈራራል። ከሰው ጆሮ ጀርባ ያለ፣ የሐሳቡን ፍጥነት የሚወስን ቺፕ ስታስተካክል አርጅታለች፤ "ትንሽ ጨምሪልኝ" የሚለው ቃል ከሰለቻት ቆይቷል። መጨመር በእሷ ፈቃድ ይመስል።

የዛሬዎቹ ሁሉም ጎረቤቶቿ ናቸው፤ ባንድ ኮንዶሚኒየም አብረዋት የሚኖሩ፣ ባንድ እድር ያሉ። ነጠላና ጋቢያቸውን በፌስታል ይዘዋል። ፊተኛው ጋሽ ናሆም ናቸው፣ ጡረታ የወጡ የባቡር ሾፌር። ወንበሩ ላይ ተቀመጡና ጆሯቸውን አዞሩላት። ለለቅሶ ነው፣ ስምንት መቶ በስድሳ ሁለት አድርጊኝ አሏት። ወዲያኛው ልክ መስጫ ጣቢያ ከትናንት ጀምሮ መብራት የለውም፣ አለዚያማ አንቺን ባላስቸገርን ነበር ብለው ጨመሩ። ይህ አነጋገራቸው ትንሽ ገረማት። ማስቸገርን ምን አመጣው?

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሳይወርዱ፣ ቺፕን ሳያዘገዩ ማለት ነው፣ ለቅሶ መድረስ ነውር ነው። ልማዱ ከተጀመረ ቆይቷል። ሰው ሁሉ እንደየሥራው መፍጠን ሲጀምር ለቅሶ ቤት አብሮ መቀመጥ አልሆን አለ። ፈጣኑ አልቅሶ፣ እንባውን ጠርጎ፣ የነገውን ሥራ አስቦ ሲጨርስ ዘገምተኛው ገና ወይኔ ሊል አፉን መክፈቱ ነው። አንዲት እናት ልጇን ቀብራ ስትቀመጥ ጎረቤቶቿ ሳታያቸው መጥተው ሳታያቸው ሄዱ ይባላል። ሽማግሌዎቹ ተመካከሩና በእድሩ ደንብ አስገቡት፤ ለቅሶ የሚደርስ ሁሉ ቺፑ በሰከንድ ስምንት መቶ ሚሊዮን ምት ይምታ፣ ኤሌክትሪኩም የቮልት ስድሳ ሁለት መቶኛ ይሁን። ከዚያ በላይም በታችም የለም። በሞት ፊት ሁሉ እኩል ነው አሉ። ደስ የሚል ቃል ነው። ቺፖቹስ እኩል ናቸው ወይ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

አይደሉም። እርግጥ ሁሉም ካንድ ሰሌዳ ነው የሚቆረጡት፣ ካንድ አውድማ እንደወጣ እህል። ፋብሪካው ግን ይፈትናቸውና ይለያቸዋል። ባነስተኛ ኤሌክትሪክ ጸንቶ የሚሠራውን ሰዉ ፍሬ ይለዋል፣ መካከለኛውን መሃል፣ የመጨረሻውን ግርድ። ግርድ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። እንደ ፍሬው እኩል ይመታል፣ ግን ይጠማል፤ ፍሬ በስድሳ ሁለት የሚመታውን ምት እሱ የሚመታው በሰባ አራት ነው። መሃል ስድሳ ሁለትን ከነራስ ምታቱ ይችለዋል። ግርድ አይችልም። አልቻልኩም ብሎ ደግሞ አይቆምም፤ ቢቆም በተሻለ ነበር። መሥራቱን ይቀጥልና የያዘውን ይጥላል። ሰውየው በዚያ ሰዓት የሚያስታውሰው ነገር፣ የሚያወጣ የሚያወርደው ሐሳብ፣ በቺፑ በኩል ያልፍና ተመልሶ ቦታው አይገባም። የተኛ ግርድ ምንም አይሆንም። የሚያስታውስ ግርድ ግን የሚያስታውሰውን ያጣል።

የቺፑ ዓይነት ከውጭ አይታይም። የሚያየው የልክ ሰጪ መለኪያ ብቻ ነው፣ ልክ ሰጪ ደግሞ እንደ ንስሐ አባት ነው፣ ያየውን ላያወጣ ይምላል። ስንቱን ታውቃለች ኤልዳና። ግርድነቱ የታወቀ ሰው ቤት የሚያከራየው አያገኝም፣ ልጁንም የሚያገባለት የለም። እሷ ራሷ መሃል ናት፤ ይህንንም ለማንም ነግራ አታውቅም።

ማን ነው የሞተው ብላ ጋሽ ናሆምን ጠየቀቻቸው። አንድ ዘመድ ነው አሏት። ቀጣይዋን ጠየቀች፣ የሩቅ ሰው ነው አለቻት። ሦስተኛው እኔም በደንብ አላውቀውም ብሎ ጫማውን ያይ ጀመር። አንድ በአንድ አወረደቻቸው። ከወንበሩ የተነሳው ሁሉ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ እንደገባ ሰው እየተራመደ ይወጣና ውጭ ግድግዳውን ተደግፎ ይቆማል እንጂ አይሄድም። ማንን ነው የሚጠብቁት አለች በሆዷ።

የገባት እማማ ሶልያና ሲቀመጡ ነው። እማማ ሶልያና የእድሩ ምክትል ዳኛ ናቸው፤ ስንቱን የሸኙ ሴት፣ በቀላሉ የሚደነግጡ አይደሉም። መለኪያው ሲነካቸው አንገታቸው ተንቀጠቀጠ። ያን ጊዜ ኤልዳና ቀና ብላ ሰልፉን አየችው። መርዶ ነጋሪ ሳይወርድ መርዶ አይነግርም። የእድሩ ሰው ሁሉ እዚህ አለ፤ የጎደለው ለቅሶ ሲሆን ሰውን የሚያሰማራው የእድሩ ዳኛ ብቻ ነው። ዳኛው ደግሞ ባሏ ያብስራ ነው። እነዚህ ሰዎች የሚሄዱት እሷ ቤት ነው። እሷን ሊያረዱ እሷው ዘንድ ተሰልፈው ይወርዳሉ።

እንዲህ ያለ ነገር ሌላ አገር አይሠራም። ግን ምን ያድርጉ? ወዲያኛው ጣቢያ መብራት የለውም፣ ሳይወርዱ ማርዳት ደግሞ ነውር ነው።

አልጮኸችም። ከእማማ ሶልያና ኋላ ጥቂት ሰዎች ቀርተው ነበር፤ እነሱንም አወረደቻቸው። ተራ ነበር፣ ተራውን ጨረሰች። ከዚያ መለኪያዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች።

"ሜላት ናት?" አለች።

የወረደ ሰው መልስ ቶሎ አይመጣም። እማማ ሶልያና ጥያቄውን ሰሙት፣ ዓይናቸው ሞላ፣ ከንፈራቸው ተላቀቀ፤ አዎ የሚለው ቃል እስኪወጣ ድረስ ኤልዳና ልጇን ብቻዋን ማልቀስ ጀምራ ነበር።

ሜላት አንድ ልጃቸው ናት። ደብረ ሲና ትሠራ ነበር፤ ቅዳሜና እሑድ ትመጣለች፣ ሰኞ ትመለሳለች። ትናንት ማታ ዕቃ ረስታ ወደ ቤት ስትመለስ ጣርማ በር ላይ መኪናው በጉም ተገለበጠ። አስከሬኗ እኩለ ቀን ላይ መጣ፣ ከሰዓት በኋላ ተቀበረች። ከቀብር ሲመለሱ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ወንበሩ ተደርድሯል፣ የወረደው ጎረቤት ሁሉ ተቀምጧል። የቀሩት ኀዘንተኞቹ ናቸው። ኀዘንተኛ ከቀብር ተመልሶ እጁን ሲታጠብ ይወርዳል፣ እስከ ሠልስት አይነሳም።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ያብስራ ለእድር ዳኝነት የተፈጠረ ሰው ነው፤ ድንኳን ሲተከል አንድ ካስማ ከተዛነፈ ምግብ አይበላለትም። ዳኛ ደግሞ አይወርድም። ሁሉም ከዘገመ ቆፋሪ ማን ይጠራል፣ እንግዳ ማን ይቀበላል? በዚህ ምክንያት ያን ሁሉ ለቅሶ ሲያስተናግድ ኖሮ አንድም ቀን ወርዶ አያውቅም። አለመውረዱም በጀው፣ ምክንያቱም ያብስራ ግርድ ነው። ይህን የሚያውቁት እሱና ሚስቱ ብቻ ናቸው። ገና ሲተጫጩ መለኪያው ላይ አይታ ነግራዋለች፤ እሱም ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ አላት። አላነሳችበትም።

ዓምና ደግሞ አንድ ደንብ አወጣ። አንድ ወጣት ሳይወርድ ለቅሶ ተቀምጦ የመሥሪያ ቤቱን ሪፖርት ጽፎ ሲጨርስ ተገኘና ያብስራ ተቆጣ። ከእንግዲህ ለቅሶ የተቀመጠ ሁሉ ምስክር ያድርግ አለ። ምስክር ማለት ኮሌታ ላይ የምትሰካ ትንሽ ብርሃን ያላት ነገር ናት። ምቱንም ቮልቴጁንም ለተቀመጠው ሁሉ ታሳያለች፤ ቁጥሩ እስከ ሠልስት ከተነካ ቀይ ትበራለች። ጉባኤው አጨበጨበለት። ከዚያ በፊት ኤልዳና ለለቅሶ የሚመጡትን ግርዶች ዝም ብላ ሰባ አራት ታደርጋቸው ነበር፤ ማንም አያይ፣ ማንም አይጎዳ። ከምስክር በኋላ ይህ ቀረ። የቧንቧ ሠራተኛው ኪሩቤል ከለቅሶ መቅረት ጀመረ። አንዴ አሞኛል፣ አንዴ መንገድ ሄጄ ነው ሲል ቆየና ያብስራ ከእድር ሰረዘው። ለምን ትቀራለህ ብሎ ግን አልጠየቀውም። ሳይገባው ቀርቶ ነው ብላ ኤልዳና አታምንም።

አሁን መኝታ ቤት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። የቀብር አፈር ጫማው ላይ አለ። መለኪያዋን አወጣችና ሰባ አራት ላድርግህ አለችው። ራሱን ነቀነቀ።

"ሰው ሁሉ ለልጄ ብሎ ስድሳ ሁለት ተቀምጦ፣ አባትየው ሰባ አራት ልቀመጥ?"

"ሰው ሁሉ እንዳንተ አይደለም፣ ያብስራ።"

"ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።"

ቀስ አለች። በለሆሳስ ባለፈው ክረምት የሆነውን ነገረችው፤ ስሟን ሳትጠራ፣ ወንድሟን የቀበረች አንዲት ግርድ ሴት ባደባባይ ስድሳ ሁለት ተቀምጣ፣ ከሠልስት በኋላ ወንድም እንደነበራት ያስረዷት ጎረቤቶቿ እንደሆኑ። እሱም ማንነቷን ገምቶ፣ እሷማ ድሮም ዝንጉ ናት አለ።

"ሜላትን ትረሳታለህ" አለችው። ከዚህ በላይ በምን ቋንቋ ትንገረው?

ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ቀልቷል። "እኔ ልጄን ቺፕ ውስጥ አይደለም ያስቀመጥኳት" አለ፣ ሆዱንም በመዳፉ ያዘ። "እዚህ ነው። እዚህ የሚደርስ ኤሌክትሪክ የለም።"

ከልቡ ነበር። ይህ ነው የባሰባት። ለይምሰል ብሎት ቢሆን ትጣላው ነበር፤ ለስሙ ሲል ብቻ ቢሆንም ትጣላው ነበር። ስሙም እንዳሳሰበው ታውቃለች፤ ኪሩቤልን ሰርዞ እሱ ዛሬ ሰባ አራት አንገቱ ላይ አድርጎ በየትኛው ዓይኑ ሰው ያያል? ግን ደግሞ እውነት ብሎ ነው ሆዱን የያዘው። እሷ ሥራዋ ስለሆነ የሰው ነገር የት የት እንደሚቀመጥ ታውቃለች። ሆድ ውስጥ አይቀመጥም።

መለኪያዋን ይዛ ወጣችና እማማ ሶልያናን ከድንኳኑ ጥግ ጠራቻቸው። ምክንያቱን ሳትናገር፣ ለዚህ ለቅሶ ምስክር ይቅርልን ብላ ለመነቻቸው። እማማ ሶልያና ሰሙ፤ ቀስ ብለው፣ በዚያ በወረደ አንደበታቸው፣ እጇን እየደባበሱ መለሱላት። እንዴት ይሆናል ልጄ አሉ። ለሌላው ሁሉ አድርገነው ለዳኛችን ልጅ ብናስቀርባት ንቀት ነው፤ ነገ ያብስራ ራሱ ይቀየመናል። ለሜላት እንዲያውም አንድም ሰው አይቀርም፣ አንድም ሰው አይነሳም፣ ተይ አታስቢ አሏት። ደግነት ነው። በደግነት የተዘጋ በር ደግሞ አይንኳኳም።

ያኔ ድንኳኑ መሃል ቆማ ባሌ ግርድ ነው ብትል ኖሮ ነገሩ ባለቀ። አስባው ነበር። መሐላዋን ማፍረሷ ብዙ አላስጨነቃትም፤ የያብስራ ፊት ነው ያስጨነቃት። በዚያ ቀን፣ በልጁ ቀብር ቀን፣ ሰው ፊት ታዋርደው? ደግሞም ደክሟት ነበር። ያን ዕለት ባይደክመኝ ኖሮ አሸንፈው ነበር ስትል ኋላ ስንት ጊዜ ራሷን ወቅሳለች። ተመለሰችና አንዴ ደግሞ ለመነችው። አንቺ ካላወረድሽኝ ወዲያኛው ጣቢያ መብራቱ መጥቷል፣ እዚያ እሄዳለሁ አላት። እዚያ ከሄደ ሌላ ልክ ሰጪ ያየዋል። መለኪያውን ከጆሮው ሥር አደረገችና አወረደችው፤ ሰባ አራት፣ ሰባ፣ ስድሳ ስድስት፣ ስድሳ ሁለት። የእሷ እጅ ነው ያደረገው። ቀጥሎ የራሷን አወረደች፣ ራሷም ወዲያው ይወግራት ጀመር።

እውነቱን ለመናገር፣ መውረድ ደግ ልማድ ነው። ለቅሶ የተቀመጠ የወረደ ሰው ሰዓት አያይም። ንፍሮው እስኪደቅ ይታኘካል፣ አንዱ የጀመረው እንባ ወንበር ለወንበር እየዞረ ሁሉንም ያዳርሳል፣ የደብረ ብርሃን ንፋስ ድንኳኑን ሲመታው እንኳ ሰዉ ቀና የሚለው ንፋሱ ካለፈ በኋላ ነው። ማንም ማንን አይቀድምም። ሁሉም ኮሌታ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ይበራል።

ያብስራ በመጀመሪያው ቀን ስለ ልጁ አወራ። ሜላት ሕፃን ሳለች የእድሩን የድንኳን ካስማ ሁሉ ሰብስባ የውሃ ታንከር ሥር ደበቀችው አለ። ለምን ስንላት፣ ካስማ ከሌለ ድንኳን አይተከልም፣ ድንኳን ካልተተከለ ሰው አይሞትም አለችን አለ። ሰዉ በዝግታ ሳቀ፣ በዝግታም አለቀሰ። ኤልዳናም ሳቀች፤ ከዚያ ምን እንዳደረገ ትዝ ሲላት ሳቋን አቋረጠች። ይህን ታሪክ አሁን አውጥቶታል፤ ተመልሶም አይገባለትም።

በማግስቱ ጠዋት አዲስ ለቅሶ ደራሾች ሲመጡ ደገመው። ልጄ ትንሽ ሳለች ካስማ ደበቀችብን አለ። የት እንደደበቀችው ጠፋው። ስሟን አልጠራም። ሰዉ ኀዘን ነው ብሎ አለፈው።

ከዚያ በኋላ ኤልዳና ማቋረጥ ጀመረች። አፉን ሲከፍት ያብስራ፣ የድንኳኑ ጥግ ያፈሳል ትለዋለች። ዝም ብሎ ሲተክዝ ስታየው ስለ ሊፍቱ ብልሽት ትጠይቀዋለች፣ ስለ ዘንድሮ ገብስ ዋጋ፣ ስለ ጎረቤት ውሻ። ራሷ እየወገራት፣ ቃል ለመፈለግ እየዘገየች፣ እሱ ወደ ልጁ መንገድ ሲጀምር እየቀደመች ትዘጋበታለች። እሱም መልስ ይሰጣል፤ ስለ ገብስ ሲያወራ ገብሱን ቢያጣ ግዴለም። እሷ ግን ልጇን ማልቀሻ ጊዜ አላገኘችም። ሴቶቹ ይንሾካሾኩባት ጀመር። ምን ዓይነት እናት ናት፣ አባትየው ልጁን እንዳያነሳ ትከለክለዋለች አሉ። እማማ ሶልያናም ተይው ይውጣለት፣ ኀዘን ሆድ ሲቀር ይመርዛል ብለው ገሠጿት። ይውጣለት የሚለውን ቃል ስትሰማ መሬት ብትውጣት ደስ ባላት።

በዚያው ቀን ከሰዓት ኪሩቤል መጣ። በድንኳኑ አፍ ቆሞ ጋቢውን አስተካከለ። ኮሌታው ላይ ምስክር አድርጓል፤ ስምንት መቶ፣ ሰባ አራት ይላል። ሰዉ ቁጥሩን አንብቦ እስኪገባው ጊዜ ወሰደ። ኪሩቤል ቀጥ ብሎ ወደ ያብስራ ሄደና ፊቱ ቆመ።

"ሜላት ከልጆቼ ጋር ነው ያደገችው" አለ። "ከእድር ብትሰርዙኝም ላለቅስላት መጣሁ። ልረሳት ደግሞ አልፈልግም።"

ያብስራ አየው። ከዚያ ቁጥሩን አየ። እጁ ከጉልበቱ ላይ ተነሳና ቀስ እያለ ወደ ጆሮው ሄደ። ኤልዳናን አንድ ቃል ቢላት፣ በዓይኑ እንኳ ቢጠቅሳት፣ መለኪያው ቦርሳዋ ውስጥ አለ፤ ምስክሩ ቀይ ይብራ፣ ድንኳኑ ይቃጠል፣ ምን ግዷ። በጎን በኩል ግን አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ ዛሬም አታስታውስም፣ ወንበሩን ከኪሩቤል ትንሽ ራቅ አደረገ። የወንበሩ እግር ድንጋዩ ላይ ሲፋቅ ሁሉም ሰማ። ያብስራም ሰማ። እጁ ወደ ጉልበቱ ተመለሰ።

"ተቀመጥ ኪሩቤል" አለ።

ኪሩቤል ጫፍ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ሜላትን አለቀሰላት። በዚያ ድንኳን ውስጥ አልቅሶ ምንም ያልጎደለበት ግርድ እሱ ብቻ ነበር። ያብስራም አጎንብሶ አለቀሰ፣ አንጀቱ እስኪታይ፣ ትከሻው እየተርገፈገፈ። ኤልዳና ስለ ሊፍቱ ጠየቀችው፣ አልሰማትም። ስለ ገብስ ጠየቀችው። እጁን ይዛ ያብስራ፣ ያብስራ አለችው። አባት ልጁን ሲያለቅስ ማን ያስቆመዋል? ሲመሽ እንባው ቆመ፤ ፊቱ ላይ አንድ ዕረፍት አየችበት፣ ያ ዕረፍት ግን ደስ አላላትም።

በሠልስቱ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ተመለሱ። እማማ ሶልያና ምስክሮቹን ሰበሰቡ፣ ኤልዳናም ሰዉን ተራ በተራ ወደየልኩ መለሰችው። ያብስራን ያስነሳችው መጨረሻ ላይ ነው። ለሱ የሚገባውን ቮልቴጅ ሳትሰስት ሰጠችው። ዓይኑን አንዴ ጨፍኖ ገለጠ፣ ድንኳኑን ዙሪያውን አየ፣ ብድግ ብሎ ኮቱን ቆለፈ። ወዲያው ሥራ ጀመረ። ወንበሩን በዚህ፣ ድስቱን በዚያ፣ ሸራውን ሳይደርቅ አትጠቅልሉት እያለ ያዛል። ሰው ሲሰናበተው ቀጥ ብሎ ቆሞ አሜን፣ አሜን ይላል፣ ሁልጊዜ በየሰው ለቅሶ ላይ ቆሞ እንደሚለው። ወንድ ነው፣ እንዴት ቻለው አሉ ጎረቤቶቹ። ጋሽ ናሆም ትከሻውን መታ መታ አድርገውት ሄዱ። ኤልዳና ጥቁሯን ለብሳ ከግድግዳው ሥር ተቀምጣ ታየው ነበር። ምናልባት እኮ አለች በሆዷ። ምናልባት እውነትም ሆዱ ውስጥ አስቀምጧት ይሆናል።

ሸራው ሊወርድ ሲል ያብስራ ዞር አለና አያት። ለሠራተኞቹ ትንሽ ቆዩ ብሎ ወደ እሷ መጣ። ባርኔጣውን አወለቀ። አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ እጇን በሁለት እጁ ያዘ፤ ፊቱ ላይ ያለው ርኅራኄ እውነተኛ ነበር፣ ይህን ያህል ዓመት የምታውቀው የባሏ ርኅራኄ።

"እግዜር ያጥናሽ፣ ኤልዱዬ" አላት። "ልጅቷ ትቀርብሽ ነበር መሰለኝ።"

ድንኳኑን አየች። አልወረደም ገና፤ ካስማው አልተነቀለም። ያንተ ናት ብትለው ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች፤ ልጄን ሳላለቅስላት ብሎ ሠራተኞቹን ይመልሳል፣ ወንበሩን ያስደረድራል፣ ጆሮውን ያዞርላታል፣ ስድሳ ሁለት አድርጊኝ ይላታል። ነገ ወይ ከነገ ወዲያ አንዱ ጎረቤት መንገሩ አይቀርም። እሷ ግን ዛሬ አቅም አልነበራትም።

"አዎ" አለችው፣ "ትቀርበኝ ነበር።"